የሰባት ሴኮንድ ከበሮ፤ የአንድ ዘፈን ሁለተኛ ሕይወት

ዘፈን ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ የራሱ ዕድሜና የራሱ ዕድል አለው። አንዱ በወጣበት ዓመት ይሰማና በዓመቱ ይረሳል፤ ሌላው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ የመጀመሪያ ባለቤቱ ማን እንደ ነበረ እስከማይታወቅ ይደርሳል። ይህ ዐይነቱ ውርስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ካለፈው ምእት ዓመት መጨረሻ ወዲህ ግን ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ይኸውም ዜማው ሳይሆን ድምፁ ራሱ፥ የተጫዋቹ የእጅ ምት እንዳለ፥ ከሸክላ ላይ ተቆርጦ በሌላ ሙዚቃ ውስጥ የሚተከልበት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ከተጓዙት ሁሉ እጅግ የታወቀው «ኤመን ብራዘር» («አሜን ወንድሜ» እንደ ማለት ነው) ከተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ የተወሰደ፥ ሰባት ሴኮንድ ያህል ብቻ የሚቆይ የከበሮ ምት ነው። ይህ ምት በሺሕ በሚቆጠሩ ሥራዎች ውስጥ ገብቷል፤ ከበሮውን የመታው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዳች ሳያገኝ ሞቷል። ነገሩ የሙዚቃ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያና የሕግም ታሪክ በመሆኑ ለመሐንዲስ ዐይን የሚገባ ብዙ ቁም ነገር አለበት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፥ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጸሎት ቤት እስከ ሸክላ

የዘፈኑ ሥር የሚገኘው በጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙር ውስጥ ነው። መሪው አንድ ሐረግ ሲል ጉባኤው «አሜን» እያለ የሚቀበልበት መዝሙር በጸሎት ቤቶች ሲዘመር የኖረ ሲሆን፥ ወደ ሰፊው ሕዝብ ጆሮ ያደረሰው ጄስተር ሄርስተን የተባለው የመዘምራን መሪና አቀናባሪ ነው። ሄርስተን «ሊሊስ ኦቭ ዘ ፊልድ» ለተባለው የ1963 ፊልም መዝሙሩን አቀነባበረው። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ሲድኒ ፖይቲየር ሲሆን የሚሰማው የመዝሙር ድምፅ ግን የሄርስተን ነው። ፖይቲየር በዚህ ፊልም ባሳየው ትወና በ1964 የኦስካር ሽልማትን አገኘ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚህ ዘፈን ታሪክ የሚታየውና የሚሰማው ሰው አንድ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

በዚያው በ1964 በከርቲስ ሜይፊልድ የሚመራው «ዘ ኢምፕሬሽንስ» የተባለው የዘፋኞች ቡድን መዝሙሩን በራሱ መንገድ ቀርጾ አወጣው። ሸክላው በአሜሪካ የታወቁ ዘፈኖች ሰንጠረዥ እስከ 7ኛ ደረጃ ወጣ። እስከዚህ ድረስ የተፈጸመው ነገር በሙዚቃ ዓለም የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ የዘፈነውን ሌላው በራሱ ድምፅና በራሱ ተጫዋቾች ዳግመኛ ይዘፍነዋል። ዜማው ይተላለፋል፥ ድምፁ ግን እያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ነው።

ከኢምፕሬሽንስ ጋር በአጃቢነት ይጫወቱ ከነበሩት መካከል «ዘ ዊንስተንስ» የተባለው የዋሽንግተን ከተማ ቡድን ይገኝበታል። መሪው ዘፋኝና የሳክስፎን ተጫዋች የነበረው ሪቻርድ ስፔንሰር ሲሆን ከበሮ መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ይባላል። ቡድኑ ጥቁሮችና ነጮች አብረው የሚጫወቱበት ስለ ነበረ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ሥራ ለማግኘት ይቸገር ነበር።

በ1969 መጀመሪያ ዊንስተኖች በአትላንታ ከተማ «ከለር ሂም ፋዘር» የተባለውን ዘፈን ለመቅረጽ ስቱዲዮ ገቡ። ዘፈኑ አባቱ በጦርነት የሞተበት ልጅ የእንጀራ አባቱን የሚያመሰግንበት ነው። በሰንጠረዡ 7ኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሲሆን በ1970 ለደራሲው ለስፔንሰር የግራሚ ሽልማትን አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ባለ 45 ዙር ሸክላ ሁለት ገጽ አለውና ለሁለተኛው ገጽ የሚሆን ሙዚቃ አልነበራቸውም። ስለዚህ በመድረክ ላይ በመካከል ይጫወቱት የነበረውን፥ ከዚያው ከ«አሜን» መዝሙርና ሜይፊልድ በጊታር አሰምቶት ከነበረ ሐረግ የመነጨውን ቃል አልባ ሙዚቃ ፈጥነው አዘጋጁ። ሙዚቃው ግን አጭር ሆነባቸው። ርዝመት ለመጨመር ሲባል ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ዝም እንዲሉና ከበሮው ብቻውን አራት ባር እንዲመታ ተደረገ። ያቺ ትንሽ መሙያ ናት በኋላ ዓለምን የዞረችው።

የምቱ አሠራር

ምቱ በደቂቃ 136 ያህል ፍጥነት አለው። አራት ባር፥ በእያንዳንዱ ባር አራት ምት ሲባል በጠቅላላው 16 ምት ነው፤ ይህም ሰባት ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች ኮልማን ቀደም ሲል የነበረውን ምት ሳይለውጥ ይቀጥላል። በሦስተኛው ባር ላይ ስኔር በሚባለው ባለ ሽቦ ከበሮ መምታት የሚገባውን አንድ ምት ያዘገየዋል። በአራተኛው ባር የመጀመሪያውን ምት ጭራሽ ባዶ ይተወዋል፤ ወዲያውም የተዛነፈ አጭር ምት አከታትሎ የናሱን ሰሐን ከሚጠበቅበት ጊዜ ቀደም አድርጎ ይመታዋል። አድማጩ እግሩ የለመደውን መሬት ለአንድ አፍታ ካጣ በኋላ መልሶ ያገኘዋል። የምቱ ኀይል የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ የማን እንደ ነበረ የቡድኑ አባላት አልተስማሙም። ስፔንሰር ምቱን የመራው እርሱ እንደ ሆነ ተናግሯል፤ የኦርጋን ተጫዋቹ ፊል ቶሎታ ግን ሥራው የኮልማን ብቻ እንደ ሆነ መስክሯል። ሐሳቡ የማንም ይሁን፥ በሸክላው ላይ የቀረው የእጅ ሥራ የኮልማን መሆኑን የሚጠራጠር የለም።

የሸክላ አጫዋቾች ዘመን

ዊንስተኖች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተበተኑ፤ ሁለተኛው ገጽም ተረሳ። በዚህ መካከል በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚባለው ሠፈር ሌላ ነገር እየተፀነሰ ነበር። በጃማይካ የተወለደው ክላይቭ ካምፕቤል፥ በጭፈራ ስሙ ኩል ኸርክ፥ በኦገስት 11 ቀን 1973 በእኅቱ ግብዣ ላይ ሸክላ ያጫውት ነበር። ጨፋሪዎቹ ይበልጥ የሚነሣሡት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርበት ቦታ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ከአንድ ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻዎች ላይ አድርጎ፥ የአንዱ የከበሮ ክፍል ሲያልቅ ሌላውን ከመነሻው በማስጀመር አጭሩን ምት እንደ ልብ የሚያስረዝምበትን ዘዴ ተጠቀመ።

ይህን ዘዴ ወደ ትክክለኛ ጥበብ ካደረሱት አንዱ ግራንድማስተር ፍላሽ የተባለው ጆሴፍ ሳድለር ነው። ሳድለር በሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የቀሰመ ወጣት በመሆኑ፥ ሁለተኛው ሸክላ ለሕዝብ ከመሰማቱ በፊት በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማበትን ማብሪያ ማጥፊያ በመቀላቀያው ላይ ራሱ ገጣጠመ። ሸክላውንም በቀለም ምልክት እያደረገበት መነሻውን በዐይን ይለይ ነበር።

አጫዋቾቹ የሚፈልጓቸው አሮጌ ሸክላዎች እየጠፉ በመሄዳቸው ሌኒ ሮበርትስና ሉዊስ ፍሎሬስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከ1986 ጀምሮ «አልቲሜት ብሬክስ ኤንድ ቢትስ» በሚል ርእስ ስብስብ ማሳተም ጀመሩ። እስከ 1991 ድረስ 25 ቅጽ ወጣ። «ኤመን ብራዘር» በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ነበረ። አሥራ ሰባት ዓመት ተረስቶ የነበረው የሸክላ ጀርባ ከሞት የተነሣው በዚህ ነው።

ድምፅ ወደ ቁጥር ሲለወጥ

ሸክላው ዳግመኛ በታተመበት ጊዜ አካባቢ ሌላ መሣሪያ በገበያ ላይ መዋሉ የነገሩን መልክ ለወጠው። ድምፅን በቁጥር ናሙና መዝግቦ በቁልፍ የሚያጫውት መሣሪያ፥ ሳምፕለር የሚባለው፥ አስቀድሞም ነበረ፤ በ1979 የወጣው የአውስትራሊያው ፌርላይት አንዱ ነው። ግን ዋጋው የቤት ዋጋ ያህል ስለ ነበረ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች አልወጣም። በ1987 ኢ-ሚዩ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኤስ ፒ 1200 ግን በአንድ ወጣት መኝታ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ነበር።

መሣሪያው በሴኮንድ 26,040 ናሙና ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ናሙና 12 ቢት ነው። ጠቅላላ የማስታወስ ችሎታው 10 ሴኮንድ ያህል ሲሆን አንድ ቁራጭ ድምፅ ከ2.5 ሴኮንድ ሊበልጥ አይችልም። የኮልማን ምት ሰባት ሴኮንድ ያህል ስለሆነ እንዳለ አይገባም። ተጠቃሚዎቹ ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ የሚደነቅ ነው። በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር መሽከርከር የሚገባውን ሸክላ በ45 ዙር እያሽከረከሩ ይቀዱታል፤ ከዚያም በመሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። የሁለቱ ፍጥነት ንጽጽር 1.35 በመሆኑ በ2.5 ሴኮንድ ቦታ 3.4 ሴኮንድ ያህል ሙዚቃ ይገባል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ የድምፅ ጥራት ነው። በናሙና ሕግ መሠረት መሣሪያው ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ 13 ኪሎኸርዝ ሲሆን፥ ድምፁ ተመልሶ ሲዘገይ ይህ ጣሪያ ወደ 9.6 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። በውጤቱም የናሱ ሰሐን ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ከበሮው ሻካራ ይሆናል። መሐንዲሱ እንደ ጉድለት የሚቆጥረውን ይህን ሻካራነት ሙዚቀኞቹ ወደዱት፤ የዘመኑም ድምፅ ሆነ።

በዚህ ዐይነት መሣሪያ አማካይነት ምቱ በ1988 በ«ኤን ደብልዩ ኤ» ቡድን «ስትሬት አውታ ኮምፕተን» ውስጥ፥ በዚያው ዓመት በማንትሮኒክስ «ኪንግ ኦቭ ዘ ቢትስ» ውስጥ ተሰማ። የመጀመሪያው ምቱን አዘግይቶ እንደ ምሰሶ አቆመው፤ ሁለተኛው ቆራርጦ እንደ ጡብ ደረደረው። እንግዲህ ከሁለቱ አንዳቸውም «አሜን» የሚለውን መዝሙር አልዘመሩም። ከመዝሙሩ የቀረ ቃልም ዜማም የለም። የተላለፈው ኮልማን በአትላንታ የመታው ያ አንድ ምት ብቻ ነው።

በባሕር ማዶ

ምቱ እውነተኛ አገሩን ያገኘው በእንግሊዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1991 ሌኒ ዲ አይስ «ዊ አር አይ ኢ» በተባለው ሥራው ተጠቀመበት። ከዚያ ወዲያ የለንደንና የሌሎች ከተሞች ወጣቶች፥ ብዙዎቹም የካሪቢያን ስደተኞች ልጆች፥ የጃማይካን የባስ ድምፅ ከዚህ የአሜሪካ ከበሮ ጋር አዋሕደው ጃንግል፥ ኋላም ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። በ1994 የወጣው የሻይ ኤፍ ኤክስና የዩ ኬ አፓቺ «ኦሪጅናል ነታ» በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ላይ የገባ የዚህ ሙዚቃ ምሳሌ ነው።

በዚህ ሙዚቃ ምቱ በደቂቃ ከ160 በላይ ይፈጥናል። ሸክላ በፍጥነት ሲሽከረከር ድምፁም ይቀጥናል፤ ከ136 ወደ 165 ሲወጣ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ከፍ ይላል። አካይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1988 ያወጣቸው ሳምፕለሮች ግን ድምፁን ሳያቀጥኑ ርዝመቱን የሚለውጥ ስሌት ይዘው መጡ። አሠራሩ ድምፁን በጥቃቅን ቁራጮች ከፋፍሎ አንዳንዱን መድገም ወይም መዝለል ነው። ስሌቱ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ድምፁ እንደ ብረት ይጮሃል፤ ይህንንም ጩኸት ሙዚቀኞቹ ሆን ብለው ፈለጉት። ከዚህ በላይ ደግሞ ምቱን በየአንዳንዱ የከበሮ ድምፅ ለያይተው ቅደም ተከተሉን በመለወጥ፥ ኮልማን ፈጽሞ መትቶት የማያውቀውን ምት በኮልማን እጅ አስመቱት።

በ1997 ዴቪድ ቦዊ በ«ሊትል ወንደር» ውስጥ ተጠቀመበት። ኦኤዚስም በዚያው ዓመት ምቱን የወሰደው ከዊንስተኖች ሸክላ ሳይሆን ከኤን ደብልዩ ኤ ዘፈን ነው። ይህ የናሙና ናሙና መሆኑ ነው። በ1999 በጀመረው «ፊውቹራማ» በተባለው የቴሌቪዥን ካርቱን መክፈቻ ላይም ይሰማል። በዚያን ጊዜ ምቱ የማንም ሰው ሥራ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጊታር ወይም እንደ ፒያኖ ከመሣሪያዎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ ነበር።

ዕዳው የማን ነው?

ሪቻርድ ስፔንሰር ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ከሙዚቃ ከወጣ በኋላ በዋሽንግተን ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት ተቀጥሮ ሠራ፤ ትምህርቱን ቀጥሎም በሰሜን ካሮላይና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ። በ1996 አንድ የሸክላ ድርጅት ሰው የዋናውን ቅጂ ክር ለመግዛት ሲደውልለት ነበር ምቱ ዓለምን መዞሩን የሰማው። የዘፈኑ መብት በእጁ ነበር፤ ክስ ለመመሥረት ግን በይርጋ ታግዷል። ግሪጎሪ ኮልማን በ2006 በአትላንታ በድህነት፥ መጠለያ እንኳ ሳይኖረው ሞተ። ስፔንሰር በኋላ እንደ ገመተው ኮልማን ምቱ የደረሰበትን ቦታ ሳያውቅ ነው ያረፈው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት በሁለቱ የመተላለፊያ መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት መመርመር ያሻል። ለዳግመኛ ቀረጻ ሕጉ አስቀድሞ ሥርዐት አበጅቶ ነበር። በ1909 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ ዘፈን በደራሲው ፈቃድ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ማንም ሰው ለእያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም እየከፈለ ሊቀርጸው ይችላል። ክፍያው እስከ 1978 ድረስ በዚሁ ዋጋ ቆይቷል። ሕጉ ያወቀው ግን የዜማውን ደራሲ እንጂ ተጫዋቹን አይደለም። የተቀረጸ ድምፅ ራሱ በፌዴራሉ ሕግ ጥበቃ ያገኘው ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 ጀምሮ ለተቀረጹት ብቻ ነው። «ኤመን ብራዘር» በሦስት ዓመት ቀድሞ ተገኘ። ከ1972 በፊት የተቀረጹ ሥራዎች ወደ ፌዴራሉ ጥበቃ የገቡት በ2018 በወጣ ሕግ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኮልማን ከሞተ 12 ዓመት ሆኖት ነበር።

በናሙና አወሳሰድ ላይም ፍርድ ቤቶች ቀስ በቀስ ድንበር አበጅተዋል። በ1991 የኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት የጊልበርት ኦሰሊቫንን ዘፈን ያለ ፈቃድ በወሰደው በቢዝ ማርኪ ላይ ፈረደ፤ ከዚያ ወዲህ አሳታሚዎች አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን ልማድ አደረጉ። በ2019 ደግሞ የኤውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፥ ሁለት ሴኮንድ ያህል በሚሆን የክራፍትወርክ ሙዚቃ ምክንያት በተነሣው ክርክር፥ ቁራጩ በጆሮ የማይታወቅ እስኪሆን ካልተለወጠ በቀር የአሳታሚው ፈቃድ ያስፈልጋል ሲል ወሰነ። እነዚህም ውሳኔዎች ቢሆኑ በዋናነት የሚያስከብሩት የደራሲውንና የአሳታሚውን ጥቅም ነው። ከበሮ መቺው አሁንም በበሩ ውጭ ይቆማል።

በሌላ በኩል የሚነሣውን ክርክር መናቅ አይገባም። ምቱ ባይወሰድ ኖሮ ሸክላው በማንም ዘንድ አይታወስም ነበር፤ ከአንድ ጥበብ ሌላ ጥበብ መወለዱም የሙዚቃ ባሕርይ ነው፤ ዊንስተኖች ራሳቸው የጉባኤውን «አሜን» ወስደዋል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ዊንስተኖች መዝሙሩን ሲወስዱ በራሳቸው እጅና ትንፋሽ ዳግመኛ ሠርተውታል። ሳምፕለሩ ግን የሌላውን ሰው የሥራ ውጤት እንዳለ ያነሣል። መታወስም ደመወዝን አይተካም። ስፔንሰር በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ስርቆት ቆጥሮት ነበር፤ በኋላ ቁጣው በረደ። በ2015 ሁለት የእንግሊዝ ሸክላ አጫዋቾች፥ ማርቲን ዌብስተርና ስቲቭ ቲዎባልድ፥ ምቱ እንጀራ ከሰጣቸው ሰዎች መዋጮ ሰብስበው 24,000 ፓውንድ አስረከቡት። ስፔንሰር በ2020 አረፈ። ለኮልማን ግን የደረሰ የለም።

ለመሐንዲሱ የሚተርፈው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሐሳብ ይዞ የተነሣ መሐንዲስ አይገኝም። የሳምፕለሩ ሠሪዎች የተጨነቁት ስለ ማስታወሻ ዋጋ፥ ስለ ናሙና ድግግሞሽና ስለ ማጣሪያ ወረዳ ነበር። መሣሪያው የድምፁን ቁመት፥ ርዝመትና ጉልበት ይመዘግባል፤ የሠሪውን ስም የሚመዘግብበት ቦታ ግን አልተሰጠውም። በ1986፥ ሸክላው ዳግመኛ በታተመበት ዓመት፥ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለእያንዳንዱ የተቀረጸ ድምፅ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ የሚሰጥ ደረጃ አውጥቶ ነበር። መለያው ግን የሚያገለግለው ለሙሉው ቀረጻ ነው፤ ድምፁ ተቆርጦ ወደ ሳምፕለር ሲገባ ቁጥሩ አብሮት አይሄድም። ስም ከሥራው የተለየው በዚህች ስፌት ላይ ነው።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ዊንስተኖች አትላንታ ስቱዲዮ በገቡበት በ1969 አቶ አምኃ እሸቴ በአዲስ አበባ «አምኃ ሬከርድስ»ን መሥርተው የዘመኑን ወጣት ሙዚቀኞች ማሳተም ጀመሩ። ከዚያ ቤት ከወጡት ሥራዎች መካከል የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በ1998 በፈረንሳይ በታተመው የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛ ቅጽ ዳግመኛ ተሰማ፤ በ2010 ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» ለተባለው ዘፈናቸው ናሙና ወሰዱበት። የሙላቱ ስም በዓለም የታወቀ ስለሆነ ሥራውን ከሰውየው ጋር ለማገናኘት አያስቸግርም። በዚያ ዘመን አብረው የቀረጹት ከበሮ መቺዎች፥ የባስ ጊታርና የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ግን ምን ያህሉ በስም ይታወቃሉ? በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከደራሲው ጎን የከዋኙንም መብት ማወቁ መልካም መሠረት ነው። መብት ግን የሚሠራው ባለ መብቱ ሲታወቅ ነው። የአሮጌ ሸክላና የክር ክምችት ወደ ቁጥር በሚገለበጥበት በዚህ ጊዜ ገልባጩ ከድምፁ ጋር የተጫዋቾቹን ስም፥ የቀረጻውን ቀንና ቦታ አብሮ ሊመዘግብ ይገባዋል። ሥራው የጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ ግን በኋላ በምንም መሣሪያ አይገኝም።

ግሪጎሪ ኮልማን በአንድ የ1969 ቀን የአንድን ሸክላ ጀርባ ለመሙላት ሰባት ሴኮንድ ያህል ከበሮ መታ። ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማል። ስሙን ግን ከዚያ ምት ጋር መልሶ ለማያያዝ አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል፤ በተያያዘም ጊዜ እርሱ አልነበረም።